በጠመኔው ላይ የወጣው መስመር

ጡረታ በወጣሁበት ቀን ባልደረቦቼ የግድግዳ ሰዓትና ጃንጥላ ሸልመውኝ ለስላሳ እየጠጣን ሳለ፣ ከአዲሶቹ ልጆች አንዷ «እትዬ አስቴር፣ በሥራ ዘመንዎ ስንት ሽጉጥ ጠገኑ?» ብላ ጠየቀችኝ። ቁጥሩን አላውቀውም፤ ቆጥሬም አላውቅም። ጥያቄዋን በሳቅ አለፍኩት። ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ ግን ሌላ ቁጥር ትዝ አለኝ። «ለአገልግሎት ብቁ ነው» ብዬ ፈርሜበት ብቁ ሆኖ ያልተገኘው ሽጉጥ አንድ ብቻ ነው። ይህን የምጽፈው ስለዚያ ስለ አንዱ ነው። ስለ እሱ ለመጻፍ ደግሞ ሥራውን ካስተማሩኝ ሰው መጀመር አለብኝ።

ፖሊስ የሆንኩት በደርግ ዘመን መጀመሪያ ላይ ነው። ታይፕ እችል ስለነበር ደብረ ዘይት ጽሕፈት ቤት ውስጥ አስቀመጡኝ፤ ከዓመት በኋላ ወደ ናዝሬት አዛወሩኝ። አዳማን ያኔ ናዝሬት ነበር የምንላት። የመሣሪያ ክፍሉ መዝገብ የሚይዝለት ሰው በማጣቱ «ለጊዜው እዚያ ትሥራ» ተባለ። ያ ለጊዜው የተባለው ምደባ እስከ ጡረታዬ ዘለቀ።

ክፍሉ ከግቢው ጀርባ ያለች፣ ቆርቆሮዋ በፀሐይ የሚንጣጣ ቤት ነበረች። አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ ሁለት ሞርሳ፣ ግድግዳው ላይ በየመጠናቸው የተሰቀሉ ካቻቢቴዎችና ሞረዶች፣ ወደ ምሥራቅ የተከፈተ ትልቅ መስኮት ነበራት። ኃላፊው ሻምበል ባሻ ገመቹ ይባላሉ። የመቂ ሰው ናቸው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ፂማቸውን በየቀኑ የሚላጩ፣ ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ ሰምቼ የማላውቅ። የገባሁ ዕለት «አከም ጅርታ፣ ኢንተለ ኮ» አሉኝ በኦሮምኛ፤ «እንዴት ነሽ፣ ልጄ» ማለታቸው ነው። እስከ መጨረሻው ድረስ ኢንተለ ኮ እንጂ በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም።

ለጥቂት ወራት መዝገብ ብቻ ስጽፍ ቆየሁ። አንድ ቀን ብዕሬን አስቀምጬ ሽጉጥ ሲፈቱ ማየት ጀመርኩ። እሳቸውም አዩኝ።

«ማየት ከፈለግሽ ቅረቢ» አሉኝ። «መጀመሪያ ግን እጅሽን በሳሙና ታጠቢ።»

«ከነካሁ በኋላ አይደል የምታጠበው?»

«በኋላ የምትታጠቢው ለራስሽ ነው። አሁን የምትታጠቢው ለብረቱ ነው። ላብሽ ጨው አለው።»

ሥራውን የጀመርኩት ያን ቀን ነው ማለት እችላለሁ።

ሻምበል ባሻ ሽጉጥ ሲቀበሉ አያወሩም። ካዝናውን ያወጣሉ። ሲተኮስ ወደ ኋላ ሄዶ የሚመለሰውን የላይኛውን ብረት፣ እኛ ተንሸራታች የምንለውን፣ ስበው ይይዙትና ጥይት የሚቀመጥበትን ጉድጓድ አንድ ጊዜ በዓይናቸው፣ አንድ ጊዜ በትንሿ ጣታቸው ይፈትሻሉ። ባለቤቱ «ሻምበል ባሻ፣ ባዶ ነው» ቢላቸው «እሺ» ይሉና ያንኑ ያደርጋሉ። አዛዥም ይሁን ተራ ፖሊስ ለውጥ የለውም። ሰላምታው ከዚያ በኋላ ነው።

ከሰላምታው ቀጥሎ ጥያቄ ይመጣል። ሽጉጡን ከመቼ ጀምሮ ያዝከው? ካንተ በፊት ማን ይዞት ነበር? ምን ያህል ተኩሰህበታል? መልሱን ሳይሰሙ ካቻቢቴ አያነሱም። ሰውየው የሚለው ነገር ብረቱ ከሚለው ጋር ካልተስማማ ብረቱን ያምናሉ፤ ግን ሁለቱንም ይሰማሉ።

በርሜሉን ለብቻው አውጥተው ከጀርባው ነጭ ወረቀት ይይዙና ወደ መስኮቱ እያዞሩ ያዩታል። የውስጡ ጥርስ ስል ከሆነ ብርሃኑ እየተጠማዘዘ ይታያል። ካለቀ ውስጡ እንደ ውኃ ቧንቧ ልሙጥ ነው። ለእያንዳንዱ የሽጉጥ ዓይነት ያልተነካ አዲስ ሞላ በወረቀት ጠቅልለው ያስቀምጡ ነበር፤ ያገለገለውን ሞላ ከአዲሱ ጎን ያቆሙትና ካጠረ ይለውጡታል። የመምቻው መርፌ ጉልበት የሚለካው ደግሞ በእርሳስ ነው። ባዶነቱ የተረጋገጠውን ሽጉጥ አፉን ሽቅብ ይዘው እርሳስ በአፈሙዙ ይጨምሩና ምላጩን ይስባሉ። እርሳሱ ዘሎ ይወጣል። ምን ያህል እንደዘለለ አይተው መርፌው ደክሞ እንደሆነ ይናገራሉ። መጀመሪያ ሳየው ጨዋታ መስሎኝ ስቄያለሁ።

ዘይት ላይ ቆጣቢ ነበሩ። ሰዉ ሁሉ ሽጉጡን በዘይት ካጨማለቀው የተንከባከበው ይመስለዋል። የእኛ አገር አቧራ ደግሞ ዘይት ያገኘበት ቦታ ሁሉ ይለጠፋል። ሁለት ጠብታ አድርገው በጨርቅ ይጠርጉታል፤ ጣት ሲነካው እርጥብ የሚል ሽጉጥ ለባለቤቱ አይመልሱም።

የሁሉ መጨረሻ የላምባና የጠመኔ ፍተሻ ነው። ተንሸራታቹን በላምባ ያርሱታል፤ ሩብ ሰዓት ያህል ይቆያል። ከዚያ በደረቅ ጨርቅ አጥርተው ይጠርጉና የተፈጨ ጠመኔ ይቀቡታል። ብረቱ ነጭ ሆኖ ይቀመጣል። ደህና ከሆነ እንደነጣ ይቀራል። ዓይን የማያየው ስንጥቅ ካለበት ግን ስንጥቁ ውስጥ የገባው ላምባ ቀስ እያለ ይወጣና ጠመኔው ላይ ጥቁር መስመር ይሠራል።

«ጥገና ሌላ ነው፣ ዕድሜ ሌላ ነው» ይሉኝ ነበር ሻምበል ባሻ። «ሞላ ትለውጫለሽ፣ መርፌ ትለውጫለሽ፣ ካዝና ትለውጫለሽ። ይህ ብረት ከተሰነጠቀ ግን በቃው። የሰው ፊት ላይ ከመሄዱ በፊት ማወቅ ያለብሽ አንቺ ነሽ።»

በዓመት ሁለት ጊዜ የመሣሪያ ሣጥናችንን ላንድሮቨር ላይ ጭነን በመንገዱ ላይ ያሉትን ከተሞች እንዞር ነበር። መቂ፣ ዝዋይ፣ አዳሚ ቱሉ፣ አርሲ ነገሌ። ከጊዜ በኋላ ሽጉጡን አይቼ ከየት እንደመጣ መናገር ቻልኩ። የዝዋዩ ሐይቅ ዳር የሚያድር ነው፤ እርጥበቱና የአፎቱ ቆዳ የለፋበት ጨው ተባብረው ብረቱን ከአፎቱ ጋር ያጣብቁታል። «አፎት የምትሸከምበት ነው እንጂ የምታኖርበት አይደለም» እንላቸዋለን፤ በሚቀጥለው ዙር እንደዚያው ሆኖ እናገኘዋለን። የአርሲ ነገሌው ደግሞ የእህል ገበያ ብናኝ ከዘይቱ ጋር ተቦክቶበት ሊጥ የመሰለ ነገር ከምላጩ ሥር ይወጣል። እነዚያን ጉዞዎች እወድ ነበር። ሻምበል ባሻ መንገድ ላይ ነገር ያጫውቱኛል፤ ኦሮምኛ ይብዛም ይነስ ያወቅሁት በዚያ መኪና ውስጥ ነው።

ያ የምነግራችሁ ዓመት ሲደርስ ሥራውን ከጀመርኩ ስምንት ዓመት ሆኖኝ ነበር። ሃምሳ አለቃ ሆኛለሁ፣ ለብቻዬ መርምሬ የመፈረም ሥልጣን ተሰጥቶኛል። አዛዣችን ሻለቃ ታደሰ ከአብዮት በዓል በፊት የድሮዎቹ ሽጉጦች ሁሉ ተመርምረው እንዲያልቁ አዘዙ። አዲሶቹ ይመጣሉ ከተባለ ቆይቷል፤ አልመጡም። ሻለቃው ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ግን ከበላይ የሚጠየቁት ስንት ሰው እንደታጠቀ ነውና «ይወገድ» የሚል ወረቀት ሲቀርብላቸው ፊታቸው ይጠቁራል።

ዙሩን ጀምረን አዳሚ ቱሉ ስንደርስ ሻምበል ባሻን ወባ ጣላቸው። እዚያው ክሊኒክ ተኙ። «ትጠብቂኛለሽ ወይስ ትሄጃለሽ?» አሉኝ እየተንቀጠቀጡ። «እሄዳለሁ፤ ነገሌን ጨርሼ ስመለስ እወስድዎታለሁ» አልኳቸው። ለብቻዬ መሄዴ ደስ ብሎኝ እንደነበር አሁን ልሸሽገው አልፈልግም።

አርሲ ነገሌ ጣቢያው ግቢ ውስጥ ጠረጴዛዬን ዘረጋሁ። ፖሊሶችና የመጋዘን ጥበቃዎች ሽጉጣቸውን ይዘው ተሰለፉ። ከሰልፉ ውስጥ አንዱ ለጓደኛው «ባሻ የሉም እንዴ? ሴትዮዋ ብቻዋን ናት?» ሲል ሰማሁት። በልቤ ሥራውን ዛሬውኑ ጨርሼ ላሳያቸው ወሰንኩ። ጠዋት የመጡትን አንድ በአንድ እንደ ደንቡ መረመርኩ። ከምሳ በኋላ ሰልፉ አሁንም ረጅም ነበር።

አሥር አለቃ ቶሎሳ የመጣው ያን ጊዜ ነው። የመንግሥት እህል መጋዘን ጥበቃዎች ኃላፊ ነበር፤ በዕድሜ እኩያዬ፣ ሳቂታ ሰው። ሽጉጡን በንጹሕ ፍላኔል ጠቅልሎ፣ እንደ ሕፃን አቅፎ አመጣው። ስፈታው ከውስጥም ከውጭም ያብረቀርቃል። ካየኋቸው ሁሉ እንደዚያ የተያዘ አልነበረም።

«ከተሰጠኝ ጀምሮ ሌላ ሰው አልነካውም» አለኝ። «በተኩስ ውድድር ሁለት ጊዜ የተሸለምኩት በዚሁ ነው።»

ሻምበል ባሻ ቢሆኑ እዚህ ላይ ይቆሙ ነበር። በውድድር የሚሸለም ሰው ብዙ የሚለማመድ ሰው ነው፤ ብዙ የተተኮሰበት ብረት ደግሞ ምንም ያህል ቢወለወል ያረጀ ነው። እኔ የሰማሁት ግን ሽልማቱን ብቻ ነው። በርሜሉን አየሁ፣ ሞላውን ለካሁ፣ እርሳሱን አዘለልኩ። ሁሉም ደህና ነው። «ይሄስ ሙሽራ ነው» አልኩት። ደስ አለው። ላምባው ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ጠመኔው ኪሴ ውስጥ ነበር። ሩብ ሰዓት ለማትረፍ ብዬ ሁለቱንም ሳልነካ ፈረምኩለት። እንደዚያ ያለፍኩት እሱን ብቻ ነው።

ሦስት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ከነገሌ ስልክ ተደወለ። በተኩስ ልምምድ ላይ የቶሎሳ ሽጉጥ ተንሸራታች ከመካከሉ ተሰብሮ የኋላው ግማሽ ግራ ዓይኑ ሥር መትቶታል። ሻሸመኔ ሆስፒታል ወስደውታል። ዓይኑ ይተርፍ እንደሆነ አይታወቅም።

በዚያ ዘመን የተሰበረ ነገር ሁሉ የሰበረው ሰው ይፈለግለታል። መሥሪያ ቤታችን የተመደበው ካድሬ በማግስቱ ስብሰባ ጠርቶ «ይህ አሻጥር ነው» አለ። ጥይቱ በቅርቡ ከናዝሬት ግምጃ ቤት የሄደ ነበር፤ የጥይት ግምጃ ቤቱ ኃላፊ ደግሞ ጋሽ ወርቁ ናቸው። ጋሽ ወርቁ ከሰው ጋር ብዙ የማይቀላቀሉ፣ ሥራቸውን ጠንቅቀው የሚያውቁ ሽማግሌ ነበሩ። ታናሽ ወንድማቸው ቀደም ሲል በፖለቲካ ታስሮ ነበርና ካድሬው ከዚያ በላይ ማስረጃ አልፈለገም። በጥይቱ ላይ ባዕድ ባሩድ ጨምረዋል ተብለው ያን ዕለት ግቢያችን ውስጥ ባለው እስር ክፍል ገቡ። ባለቤታቸው በየቀኑ ምሳ ቋጥረው በር ላይ ይቆማሉ። ወደ መሣሪያ ክፍል የምገባው በዚያ በር ነው። «እንደምን አደርሽ፣ አስቴር» ይሉኛል። «እግዚአብሔር ይመስገን» ብዬ አልፋለሁ።

በአራተኛው ቀን የተሰበረው ሽጉጥ በጋዜጣ ተጠቅልሎ መጣ። ሻምበል ባሻ ወደ ሥራ ቢመለሱም ከወባው ገና በደንብ አላገገሙም ነበር፤ ኮታቸው ትከሻቸው ላይ ተሰቅሎ ይወዛወዛል። ሁለቱን ስባሪዎች ነጩ ጨርቅ ላይ አስቀመጡና ረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ ወደ እኔ ገፉት።

«ምን ታያለሽ?»

አየሁት። የተሰበረው ፊት ሁለት ቀለም ነበረው። አብዛኛው ክፍል ጠቁሯል፤ ጭስና ዘይት የጠጣ ጥቁረት። ከዳር ያለው ትንሽ ክፍል ብቻ አዲስ የተቆረጠ ብረት መስሎ ያበራል። ስብራቱ በአንድ ቀን የመጣ ቢሆን ሁሉም ይበራ ነበር። ጥቁሩ ስንጥቅ ለወራት እየሰፋ የኖረ ነው። እኔ «ሙሽራ ነው» ስል እዚያው ውስጡ ነበር። ጥይቱ ምንም አላደረገም።

ስባሪውን ጨርቁ ላይ መልሼ አስቀመጥኩ። «ላምባ አላደረግሁለትም» አልኳቸው። «ጠመኔም።»

ሻምበል ባሻ አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ስባሪዎቹን መልሰው ጠቀለሉ። «ምን አድርጊ እንደምልሽ አላውቅም» አሉኝ። «እኔ ሄጄ ብናገር፣ ባልነበርኩበት እንዴት አወቅህ ይሉኛል። የፈረምሽው አንቺ ነሽ። እስከ ነገ አስቢበት።»

ማሰቡ ከባድ የሆነው ለራሴ ብቻ ስለፈራሁ አይደለም። አባቴ መንግሥት ያሸጋት የጸሎት ቤታችን ሽማግሌ ነበር። በቤት ውስጥ ሰብስቦ ሲጸልይ ተይዞ ሰባት ወር ታስሮ ከወጣ ሁለት ዓመቱ ነው። የጴንጤ ልጅ የአብዮት ጠባቂ ሽጉጥ አበላሸች ከተባለ ወሬው እኔ ላይ እንደማይቆም አውቃለሁ።  ጠዋት ቁርስ ላይ ለአባቴ ነገርኩት። 

«ሰውየውን ታውቂዋለሽ?» አለኝ ስጨርስ።

«ጋሽ ወርቁን? ስምንት ዓመት።»

«ሠርቶታል?»

«አልሠራም።»

ተነሥቶ ወደ ጓዳ ገባ። የሚመክረኝን እየፈለገ መስሎኝ ነበር። ሲመለስ ብርድ ልብስ፣ ሳሙናና ሹራብ ይዟል። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ብርድ ልብሱን በጥንቃቄ አጣጠፈው። እሱ ሲታሰር ያጣውን ነገር ሁሉ ነው ያዘጋጀልኝ። «እኔን አታስቢ፤ እኔ መታሰር አውቃለሁ» አለኝ። እቃውን በዘንቢል ይዤ ሥራ ገባሁ።

ኮሚቴው ሻለቃ ታደሰ፣ ካድሬውና አንድ ጸሐፊ ነበሩ። ሻምበል ባሻ አብረውኝ ገብተው በሩ አጠገብ ቆሙ። ዘንቢሌን እግሬ ሥር አስቀመጥኩ። ካድሬው ወጣት፣ መነጽር የሚያደርግ፣ በጣም ጨዋ አነጋገር ያለው ሰው ነበር።

«ጓድ አስቴር፣ ምን ልትነግሪን ነው?»

«ጥፋቱ የጥይቱ አይደለም። የእኔ ነው።»

ስባሪዎቹን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ ጥቁሩንና ነጩን አሳየኋቸው። ምን ማለት እንደሆነ ነገርኳቸው። ብፈትሸው ኖሮ አየው እንደነበር፣ እንዳልፈተሽኩት ነገርኳቸው።

«ለምን አልፈተሽሽም?»

«ቶሎ ለመጨረስ።»

«ቶሎ እንድትጨርሺ ማን አዘዘሽ?» ይህን ሲል የሚያየው እኔን ሳይሆን ሻለቃ ታደሰን ነበር። ሻለቃው ብዕራቸውን ያገላብጣሉ። የሻለቃውን ስም ብጠራ ነገሩ ሌላ መንገድ እንደሚይዝ ገባኝ።

«ማንም አላዘዘኝም። የሚበቃ ጊዜ ነበረኝ።»

«አባትሽ ታስሮ ያውቃል አይደል?»

«አዎ፤ ስለ ጸሎት። ስለ ሽጉጥ ምንም አያውቅም።»

ካድሬው መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። «ብረት ሁለት ቀለም አለው ብለሽ አንድ ተጠርጣሪ ልታስፈቺ ነው። ይህን ማን ያምናል?»

ያን ጊዜ ነው ሻምበል ባሻ ከበሩ አጠገብ የተናገሩት። «ጓድ ሻለቃ፣ የእርስዎ ሽጉጥ ከቶሎሳው ጋር አብሮ የመጣ ነው፤ በዚህ ዙር ገና አልተፈተሸም። ቢፈቅዱልን እዚሁ ፊታችሁ እንፈትሸው።»

ሻለቃ ታደሰ ትንሽ አመነቱና ሽጉጣቸውን ከወገባቸው አውጥተው ሰጧቸው። ሻምበል ባሻ እንደ ልማዳቸው ካዝናውን አወጡ፣ በዓይናቸውም በጣታቸውም አዩ፣ ከዚያ ለእኔ ሰጡኝ። «አንቺ ሥሪው» አሉኝ። ፈታሁት። ተንሸራታቹን በላምባ አራስኩትና ጠበቅን። ሩብ ሰዓት እንደዚያ ረዝሞብኝ አያውቅም። ካድሬው ሰዓቱን ያያል፣ ጸሐፊው ሲጋራ ለኮሰ፤ ላምባ አለ ተብሎ እንዲያጠፋው ተነገረው። ጠርጌ ጠመኔውን ቀባሁ። ግማሹ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ።

መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ብረቱ ነጭ ሆኖ ተቀምጧል። ካድሬው ሊናገር አፉን ሲከፍት ሻለቃው በእጃቸው ዝም አሰኙት። ጎንበስ ብለው እያዩ ነበር። ቀለሁ ከሚወጣበት ክፍት አጠገብ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ ጥቁር መስመር ቀስ እያለ ብቅ አለ። ረዘመ። የቶሎሳው በተሰበረበት ቦታ ላይ ቆመ።

 ሻለቃ ታደሰ ግራ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ነካ አደረጉ፤ ያደረጉትን ያወቁት አይመስለኝም። «ባለፈው እሑድ ተኩሼበታለሁ» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። ከዚያ ወደ ካድሬው ዞረው «ወርቁ ይፈታ። የድሮዎቹ ሁሉ ዛሬውኑ ይሰብሰቡ» አሉ።

«እሷስ?» አለ ካድሬው።

«እሷ ትቀጣለች። ፈርማለች።»

ጋሽ ወርቁ የወጡት እኔ ዘንቢሌን ይዤ ስገባ ነው። እኔ ወደ እስር ክፍሉ ስሄድ እሳቸው ሲወጡ መንገድ ላይ ተላለፍን። ያስገባኋቸውም ያስወጣኋቸውም እኔ ነኝ። ባርኔጣቸውን አንሥተው አለፉ። ከበሩ ውጭ የባለቤታቸው ልቅሶ ተሰማኝ፤ የደስታ ልቅሶ ነበር።

አሥራ አንድ ቀን ታሰርኩ። አንድ ማዕረግ ዝቅ አልኩ። በዚያ ዘመን እንደዚያ ባለ ነገር ገብተው ያልወጡ ሰዎች ስላሉ ቅጣቱን ቅጣት ብዬ ልጠራው ያሳፍረኛል። ግን እስር ክፍሉ ውስጥ ሆኜ ያሳሰበኝ የራሴ ጉዳይ አልነበረም። ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር ቶሎሳ ሽጉጡን ከፍላኔሉ ሲፈታ አየዋለሁ። በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ሻምበል ባሻ ወደ መስኮቱ መጡ። ወደ ሻሸመኔ ስልክ እንዳስደወሉ ነገሩኝ።

«ፋሻውን ፈቱለት» አሉ። «ያያል።»

«በሁለቱም?»

«በሁለቱም፣ ኢንተለ ኮ። ሁለት ጥርስ ሄዷል። ጉንጩ ላይ ጠባሳ ይኖራል። ግን ያያል።»

ብርድ ልብሱን አፌ ላይ ይዤ አለቀስኩ። እሳቸው ጀርባቸውን ሰጥተውኝ እስክጨርስ እዚያው ቆሙ።

ከወጣሁ በኋላ የተሰበሰቡትን ሽጉጦች ሁሉ ሁለታችን ፈተሽናቸው። ብዙዎቹ ደህና ነበሩ፤ መስመር ያወጡትን ግን ሻለቃው ፊታቸው ሳይጠቁር ፈርመው አስወገዷቸው። በገዛ እጄ ሞርሳ ላይ አስሬ በብረት መጋዝ ለሁለት ቆረጥኳቸው። እያንዳንዱ ሲቆረጥ ከላዬ ላይ የሆነ ነገር ይነሣልኝ ነበር። ነገር ግን መፈረም አቃተኝ። እመረምራለሁ፣ እጽፋለሁ፣ ፊርማው ቦታ ስደርስ ወረቀቱን ለሻምበል ባሻ እሰጣለሁ። እሳቸው ያዩታል፣ ይፈርማሉ። ቶሎሳንም ሄጄ አልጠየቅሁትም። ሁለት ጊዜ ለመሄድ ተነሥቼ መናኸሪያ ደርሼ ተመልሻለሁ።

ወራት አለፉ። አዲሶቹ ሽጉጦች መጡና ለየከተማው ታደሉ። አንድ ረፋድ ላይ ጠረጴዛው ላይ አጎንብሼ ስሠራ በሩ ላይ ሰው ቆመ። ቀና ስል ቶሎሳ ነው። ከግራ ዓይኑ ሥር እስከ ከንፈሩ ጫፍ የወረደ ጠባሳ አለው። በእጁ በፍላኔል የተጠቀለለ ነገር ይዟል።

ተነሣሁ።  «ይቅር በለኝ» አልኩት።

«ፋሻው ከዓይኔ ላይ ከተፈታ በኋላ ነው የሰማሁት» አለኝ፤ ጥርሱ ስለጎደለ ንግግሩ ትንሽ ያፏጫል። «ጥይቱ ነው ብለውኝ ነበር። ያንን ሽማግሌ ልረግመው ነበር፣ አንቺ ተናገርሽ አሉኝ።» ወደ ጠረጴዛው መጥቶ ፍላኔሉን አስቀመጠ። «አዲስ ሰጥተውኛል። ፈትሺልኝ።»

«ሻምበል ባሻ ይፈትሹልህ። ውስጥ ናቸው።»

«እሳቸውን ፈልጌ ቢሆን እሳቸውን እጠራ ነበር።»

«ቶሎሳ፣ እኔ ያንተን ሽጉጥ...»

«ለዚያ ነው የመጣሁት» አለኝ። «ሌላው ሰው የእኔን ሽጉጥ እንደ ማንኛውም ሽጉጥ ያየዋል። አንቺ ግን እንደ ማንኛውም አታይውም። እስከ ዕድሜዬ መጨረሻ ካንቺ በቀር ለማንም አላስነካውም።»

ሻምበል ባሻ ከውስጠኛው ክፍል ወጥተው መስኮቱ አጠገብ ተቀመጡ። ጋዜጣ አነሡ። ካዝናውን አወጣሁ፣ በዓይኔም በጣቴም አየሁ፣ ከማን እንደተረከበና ምን ያህል እንደተኮሰበት ጠየቅሁት። አንድ ቀን ብቻ ተኩሶበታል። በርሜሉን፣ ሞላውን፣ መርፌውን አየሁ። አዲስ ሽጉጥ ላምባና ጠመኔ አያስፈልገውም፤ እሱም እኔም እናውቃለን። አደረግሁት። ሩብ ሰዓቱን ሁለታችንም ጎን ለጎን ተቀምጠን ስለ ልጆቹ እያወራን ጠበቅን። ጠርጌ ጠመኔውን ቀባሁ። ከቀባሁ በኋላ ጎንበስ ብሎ ረጅም ጊዜ አየው፤ ጠባሳው ብረቱን ሊነካ ትንሽ ቀረው።

«ነጭ ነው» አለ።

«ነጭ ነው» አልኩት።

ገጠምኩለትና ወረቀቱን ሞላሁ። ፊርማው ቦታ ስደርስ ሻምበል ባሻን አየኋቸው። ጋዜጣቸውን አላወረዱም። ፈረምኩ።

ቶሎሳ ሽጉጡን ወገቡ ላይ አድርጎ ተነሣ። «ከነገሌ የወጣሁት ቁርስ ሳልበላ ነው» አለ። «የዚህ ክፍል ሰው እንግዳ አይጋብዝም እንዴ?» ሻምበል ባሻ ጋዜጣቸውን አጠፉ። ሦስታችን መንገዱን ተሻግረን ጥብስ ቤት ገባን። ቶሎሳ በቀኝ ጥርሱ ብቻ እያኘከ፣ ስለ ገበያውና ስለ ዝናቡ እያወራ በላ። እኔም ከብዙ ወር በኋላ የቀረበልኝን ሁሉ ጨርሼ በላሁ፤ ሻምበል ባሻ ሌላ አንድ ሳህን አዘዙልኝ።